ምትክ፣ ተተኪ፣ ቅያሪ ወይስ ተጠባባቂ? የቱ ቃል የት ይገባል

ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ማስታወቂያ ጻፍ ተባልኩ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ልትወልድ ነው፤ አራት ወር ቦታዋን የሚይዝ ሰው ይፈለጋል። ምን ችግር አለው ብዬ «ተተኪ የሒሳብ ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት አትሜ በሩ ላይ ለጠፍኩት። ከምሳ በኋላ ሴትዮዋ ሆዷን ደግፋ መጣች። ወረቀቱን ገንጥላ ይዛዋለች። «አባረራችሁኝ እንዴ?» አለችኝ።

አልተባረረችም። ግን እውነቷን ነው። ተተኪ የሚመጣው የሄደ ሰው ሲኖር ነው፤ እሷ ደግሞ የትም አልሄደችም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣታል። ቀኑ ሲያልቅ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። ይቅርታ ጠየቅኳትና «የወሊድ ፈቃድ ላይ በምትሆን ሠራተኛ ምትክ ለአራት ወር የሚሠራ» ብዬ አስተካከልኩት። ያው ሥራ፣ ያው ደመወዝ፣ ያው ወንበር። ቃሉ ብቻ ነው የተለወጠው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ አልለቀቀኝም። በሌላው ቦታ የሚገባን ሰው ወይም ዕቃ የምንጠራበት ቃል በአማርኛ መዓት ነው። ምትክ አለ፣ ተተኪ አለ፣ ቅያሪ፣ ተለዋጭ፣ ተጠባባቂ፣ ምክትል፣ ወኪል፣ እንደራሴ... ሲወራ እንደምንም ይግባባል፤ ሲጻፍ ግን ሰው ያስቀይማል፣ አንዳንዴም ገንዘብ ያስወጣል። ማመልከቻ፣ ማስታወቂያ፣ ውል ወይም ዜና ለምትጽፉ እነሆ፣ ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ።

መጀመሪያ መለኪያው

ቃሉን ከመምረጣችሁ በፊት አራት ጥያቄ ጠይቁ።

የቀድሞው ይመለሳል ወይ? ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። ሁላችንም ስለ አዲሱ መጪ የምንናገር ይመስለናል እንጂ ቃሉ ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለሌለው ሰው ነው። የሞተ ነው? የታመመ ነው? ለሻይ የወጣ ነው? አንባቢው ከቃሉ ይሄንን ያነባል።

ሁለተኛ፣ ሰው ነው ዕቃ? ሦስተኛ፣ በማን ስም ነው የሚሠራው፣ በራሱ ነው በሌላው? ፊርማ ያለበት ጉዳይ ከሆነ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለም። አራተኛ፣ ከቀድሞው ጋር እኩል ነው ወይስ ለጊዜው የሚያብቃቃ ነገር ነው?

በሉ አሁን አንድ በአንድ።

ምትክ

ሁለገቡ ይሄ ነው። ለሰውም ለዕቃም ይሆናል። ጠፍቶም ይሁን ተቃጥሎ፣ ፈርሶም ይሁን ታሞ፣ ቦታው ክፍት ከሆነ ያንን የሚሞላው ምትክ ይባላል። የጠፋ መታወቂያ ምትክ ይወጣለታል። ጋዜጣ ላይ «ካርታው ስለጠፋ ምትክ ይሰጠን ብለው አመልክተዋል፤ የሚቃወም ካለ ይቅረብ» የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ታውቃላችሁ። እዚህ ላይ «ተተኪ ካርታ» ብትሉ ሰው ይስቅባችኋል።

ከመሬት ጋር ሲመጣ ቀልድ የለም። ቤታችሁ ለልማት ሲፈርስ ሁለት ቃል ትሰማላችሁ፣ ካሳና ምትክ። ካሳ ሲባል ብዙ ጊዜ ብር ነው። ምትክ ግን በዓይነት ነው፤ በቦታ ፈንታ ቦታ፣ በቤት ፈንታ ቤት። አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም ለያይቶ ነው የሚያስቀምጣቸው። አፋችንም ይለያቸዋል፤ «ካሳ በላ» እንላለን እንጂ «ምትክ በላ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ማመልከቻ ስትጽፉ «ካሳ ይሰጠኝ» ብላችሁ በሆዳችሁ ቦታ አትጠብቁ። የምትጠይቁት ሁለቱንም ከሆነ ሁለቱንም በስማቸው ጻፉ።

ለሰው ሲሆን ምትክ የቤት ቃል ነው። የቤት ሠራተኛ ልትወጣ ስትል እትዬ «ምትክሽን ሳታመጪ?» ይላሉ፤ እሷም የአገሯን ልጅ ይዛ መጥታ ሁለት ቀን ቤቱን አለማምዳት ትሄዳለች። «ሰው ተክታ ሄደች» ይባልላታል፤ ትልቅ ምስጋና ነው።

ድክመቱ ጊዜን አለመናገሩ ነው። ምትኩ ለሳምንት ይሁን ለዘላለም ከቃሉ አይታወቅም። ስለዚህ ምትክ ስትሉ አጠገቡ ጊዜውን ጻፉ። «ለአራት ወር በምትክነት» ብትሉ ያልኳችሁ ዓይነት ጉድ አይመጣም። አዋጅ 1156 ራሱ በአንቀጽ 10 ላይ በፈቃድ ወይም በሕመም ለጊዜው በሌለ ሠራተኛ ቦታ ሰው በተወሰነ ጊዜ ውል መቅጠር ይፈቅዳል፤ ውሉ ላይ ጊዜው ካልሰፈረ ግን ነገ የሚያከራክረው ያው ነው።

ተተኪ፣ እና ታናሹ ተኪ

ተተኪ ሲባል የቀድሞው አልቋል። ጡረታ ወጥቷል፣ ሞቷል፣ ተሰናብቷል ወይም እየተሰናበተ ነው። ሰው ላይ ነው የሚያምረው፤ ደግሞም ክብር አለው። «ተተኪ ትውልድ» ስንል ቦታችንን ለቅቀን የምናስረክበውን ማለታችን ነው። አሠልጣኝ «ተተኪ ተጫዋቾች እያፈራን ነው» ሲል የዛሬውን ተቀያሪ ወንበር አይደለም የሚያወራው፤ የነገዎቹን ሕፃናት ነው።

ተኪ ደግሞ የኢኮኖሚ ዜና ቃል ሆኗል። «ገቢ ምርት ተኪ» ሲባል ከውጭ በዶላር የምናስገባውን እዚህ ማምረት ማለት ነው። ለሰው አይሆንም። «የሥራ አስኪያጁ ተኪ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ሰውየው ብስኩት ይመስላል።

ተጠባባቂና ምክትል

እነዚህን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ምክትል የራሱ ወንበር አለው። አለቃው ቢሮ ቢሆንም ባይሆንም ምክትል ነው፤ ቃሉ ራሱ የ«ተከተለ» ዘመድ ነው፣ ከኋላ ይከተላል። ተጠባባቂ ግን የሰው ወንበር ላይ የተቀመጠ ነው፤ የወንበሩ ባለቤት እስኪታወቅ።

ጥሩ ምሳሌ አለን። ኃይለማርያም ደሳለኝ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ነሐሴ 2004 መለስ ዜናዊ ሲያርፉ ዜናው ሁሉ «ተጠባባቂ ጠቅላይ ሚኒስትር» ይላቸው ጀመር። መስከረም 11 ቀን 2005 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ደግሞ ተጠባባቂ የሚለው ወደቀ፤ ተተኪ ሆኑ። አንድ ሰው በአንድ ወር ውስጥ በሦስቱም ቃል አለፈ። ሦስቱ ቃላት አንድ ቢሆኑ ኖሮ ያ ሁሉ ጣጣ ባላስፈለገ።

ተጠባባቂ ሌላም ኑሮ አለው፤ ጦር ሜዳና ኳስ ሜዳ። ተጠባባቂ ጦር፣ ተጠባባቂ ግብ ጠባቂ። እዚያ ጋ ገና ምንም አልያዘም፣ ተዘጋጅቶ ቁጭ ብሏል። የቢሮው ተጠባባቂ ግን እየፈረመ ነው። ቲተር ስታሠሩ ይሄን አስቡ።

ቅያሪ፣ ተቀያሪ፣ መለዋወጫ

ቅያሪ ማለት እጃችሁ ላይ ያለ፣ የናንተው የሆነ ሁለተኛ ነው። መንገድ ስትሄዱ ቅያሪ ልብስ ትይዛላችሁ። የመጀመሪያው አልጠፋም፤ ቆሽሿል፣ ይታጠብና ይመለሳል። ምትክ ከውጭ ይመጣል፣ ቅያሪ ከሻንጣ ይወጣል። ለኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ጎማም እንደዚሁ፣ ግን ሹፌሮች «ቅያሪ» ከማለት «ስኮርታ» ማለት ይቀናቸዋል፤ ከጣሊያን የቀረ ቃል ነው። ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ «የመኪናዬን ተተኪ ጎማ» ብትሉ ልጁ ክሪኩን አስቀምጦ ቀና ብሎ ያያችኋል። ከሱቅ የሚገዛው ዕቃ ደግሞ መለዋወጫ ነው። ፍሬን ሸራ፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ይሄ ሁሉ። መለዋወጫ ውስጥ የቀድሞው አይመለስም፤ ቆሻሻ ገንዳ ገብቷል ወይም ቆራሌው ወስዶታል።

ተቀያሪ የኳስ ነው። «ተቀይሮ ገባ»፣ «ተቀይሮ ወጣ»። እዚህ ግን አንድ የሚገርም ነገር አለ፤ በኳስ ሕግ የወጣው ዳግመኛ አይገባም። ስሙ ቅያሪ ይመስላል፣ ሥራው ግን የተተኪ ነው፣ ቢያንስ ለዚያ ጨዋታ። ዓለም ዋንጫ ላይ ተጫዋች መቀየር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1970 ሜክሲኮ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተሰበረ ሰው ያለው ቡድን በ10 ሰው ይጨርስ ነበር፤ ካልሆነም ያው ሰው እያነከሰ ክንፍ ላይ ይቆማል። በኮቪድ ሰሞን ደግሞ ከ3 ወደ 5 አደገ። በቅርጫት ኳስ የወጣው ይመለሳል፤ እዚያ እውነተኛ ቅያሪ ነው ማለት ይቻላል። (የኳስ ወሬ ከተነሳ ማቆም ስለሚያቅተኝ ልለፍ።)

ወኪል፣ እንደራሴ፣ ምስለኔ

እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አንብቡ፤ የሚያስከፍለው ይሄኛው ነው።

ወኪል ቦታ አይሞላም። የቀድሞው ሰው አለ፣ ወንበሩም የሱ ነው፤ ወኪሉ በሱ ስም ይናገራል፣ በሱ ስም ይፈርማል። ሥራ ቦታ «ነገ ሸፍንልኝ» የምትሉት ጓደኛ ሥራችሁን ይሠራል እንጂ አይወክላችሁም። «ወክለኸኝ ስብሰባ ግባ» ካላችሁት ግን እሱ ያለው እናንተ ያላችሁት ነው። ስንቱ ሰው እነዚህን ሁለቱን አምታትቶ በማያውቀው ቃለ ጉባኤ ታስሯል።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2199 ጀምሮ ስለ ውክልና ይዘረዝራል። ለተራ ሰው የሚጠቅመው ነገር ይሄ ነው፦ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ንብረት ለማስተዳደር ነው፤ ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ በግልጽ የተጻፈ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ዋሽንግተን የሚኖር አንድ ወዳጄ ለታናሽ ወንድሙ «በጠቅላላ ጉዳዬ እንዲወክለኝ» የሚል ወረቀት ኤምባሲ ሄዶ አሠርቶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ከፍሎ ላከለት። ወንድምየው ቤቱን ሊሸጥ ገዢ ይዞ ቢሄድ «መሸጥ የሚል የለውም» ተብሎ ተመለሰ። ገዢውም ሌላ ቤት ገዛ። «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚሉ ሁለት ቃላት ቀርተው ነው። እና ደግሞ ሌላ ካልተስማማችሁ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናውም ያበቃል። ወኪል ተተኪ የሚሆን የሚመስላቸው ወንድሞች እዚህ ላይ ነው የሚደነግጡት። የሞተ ሰው ወራሽ እንጂ ወኪል የለውም።

እንደራሴ የወኪል ታላቅ ነው። «እንደ ራሴ» ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ እምነት አይኖርም። መስከረም 1909 ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ሲባሉ ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። ሁለቱን ቃል ለዩልኝ፦ እንደራሴ የዛሬ ሥራቸው ነው፣ ንግሥቲቱ በሕይወት እያሉ። አልጋ ወራሽ ደግሞ የነገ ቦታቸው ነው። ዛሬ ቃሉ በብዛት የሚሰማው «የሕዝብ እንደራሴ» ሲባል ነው፤ ለሱቃችሁ ተረኛ ብትጠቀሙበት ቀልድ ይሆናል። ምስለኔም እንዲሁ «ምስለ እኔ» ነበር፤ ገዢው በሌለበት እሱን መስሎ የሚያስተዳድር። ያ ሹመት ከዘመኑ ጋር አለፈ፤ አሁን የሚያስፈልጋችሁ ታሪክ ስትጽፉ ብቻ ነው።

ተለዋጭና አማራጭ

አማራጭ ሲባል የመጀመሪያውም እንዳለ ነው፤ ምርጫው የናንተ ነው። ተለዋጭ ሲባል የመጀመሪያው ተሽሯል ወይም ተዘግቷል። «አማራጭ መንገድ» ካሉ ዋናውንም መሄድ ይቻል ይሆናል። «ተለዋጭ መንገድ» የሚል ሰሌዳ ካያችሁ ግን ዋናው ተቆፍሯል፤ አትድከሙ። ፍርድ ቤትም «ተለዋጭ ቀጠሮ» ነው የሚሰጠው፤ «አማራጭ ቀጠሮ» ቢሰጥማ ኖሮ ማን ይጠላል።

ትምህርት ቤት የተማርነውም እዚሁ ይገባል። «አንበሳ ነው» ስንል ሰውየውን በአንበሳ ስለለወጥነው ዘይቤው ተለዋጭ ይባላል። «አበበ» በማለት ፈንታ «እሱ» ስንል ተውላጠ ስም የሚባለውም ስሙን ስለለወጠው ነው።

ልዋጭን ደግሞ አዲስ አበባ የኖረ ያውቀዋል። ጠዋት «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ የሚያልፈው ልጅ፣ ትከሻው ላይ የፕላስቲክ ሳፋ ደርድሮ። የድሮ ጫማና ሱሪ ሰጥታችሁ ሳፋ ትወስዳላችሁ። ከሁሉም የሚለየው እዚህ ሁለቱም ነገር በሕይወት መኖሩ ነው፤ የተቀያየረው ባለቤቱ ነው።

በቃል ሳይሆን በ«የጾም» ብቻ የምንግባባበትም አለ። የጾም ኬክ፣ የጾም ማኪያቶ። «የወተት ምትክ ያለበት» የሚል ካፌ አላየሁም፤ አያስፈልገውማ።

በ...ፈንታ፣ በ...ምትክ፣ ከ...ይልቅ

ባጭሩ። «ከቡና ይልቅ ሻይ» የኔ ምርጫ ነው። «በቡና ፈንታ ሻይ» የአስተናጋጁ ስህተት ነው። ፈንታና ምትክ ብዙ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ልዩነታቸው ፈንታ ለድርጊት ይቀናል («በመሄድ ፈንታ ተኛ»)፣ ምትክ ለነገሩ ለራሱ። «በመሄድ ምትክ ተኛ» ስህተት ባይባልም ጆሮ ይቆረቁራል።

ቤዛን ሆን ብዬ ነው ያላነሳሁት፤ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ቤዛ በሌላው ቦታ ሕይወቱን የሰጠ ነው። ዓርብ ፈረቃ የሸፈነላችሁን ልጅ አመሰግናለሁ በሉት እንጂ ቤዛዬ አትበሉት።

በሠንጠረዥ

| ቃሉ | ለምን ይሆናል | የቀድሞው ይመለሳል? | በማን ስም? |
|---|---|---|---|
| ምትክ | ለሰውም ለዕቃም | ላይታወቅ ይችላል፤ ጊዜውን ጻፉ | በራሱ |
| ተተኪ | ለሰው | አይመለስም | በራሱ |
| ተኪ | ለምርት | የውጭው እንዲቀር ነው የታሰበው | አይመለከተውም |
| ተጠባባቂ | ለኃላፊ፣ ለጦር፣ ለስፖርት | ገና አልተወሰነም | በወንበሩ |
| ምክትል | ለኃላፊ | መጀመሪያም አልሄደም | በራሱ ወንበር |
| ቅያሪ | ለልብስ፣ ለዕቃ | አዎ | አይመለከተውም |
| መለዋወጫ | ለማሽን፣ ለመኪና | አይመለስም | አይመለከተውም |
| ወኪል | ለሰው፣ ለድርጅት | እዚያው አለ | በወካዩ |
| ተለዋጭ | ለቀጠሮ፣ ለመንገድ፣ ለትእዛዝ | የቀድሞው ቀርቷል ወይም ተዘግቷል | አይመለከተውም |
| አማራጭ | ለማንኛውም | እዚያው አለ | አይመለከተውም |

እና የቱን ልያዝ?

ለማሰብ ጊዜ ከሌላችሁ ምትክ በሉና ጊዜውን ጨምሩበት። በጣም ብዙ አትሳሳቱም። ርካሹም ደኅናውም እሱ ነው።

የሰው ሀብት ክፍል የምትሠሩ ከሆነ ተተኪ የሚለውን ቃል ቆልፉበት፤ ሰውየው መልቀቂያውን ካስገባ በኋላ አውጡት። አለቃችሁ ሕክምና ሄዶ ቦታውን ለያዘው ሰው ደብዳቤ ስትጽፉ «ተጠባባቂ» በሉና እስከ መቼ እንደሆነና እስከ ስንት ብር መፈረም እንደሚችል አስፍሩ፤ ካልሰፈረ ባንኩ ይመልስላችኋል።

ውጭ አገር ላላችሁ፣ ውክልና ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ጠበቃ ወይም የሚያውቅ ሰው ይጻፈው። ኤምባሲ ሁለቴ ከመመላለስ አንዴ ለጸሐፊ መክፈል ይሻላል፤ ቃል በቃል «መሸጥ» ካላችሁ ይሸጣል፣ ካላላችሁ አይሸጥም፣ ነገሩ እንዲህ ደረቅ ነው። እንዲሸጥባችሁ ካልፈለጋችሁም ያው ቃል ይጠብቃችኋል።

መኪና ያላችሁ የሜዳውን ቃል ተጠቀሙ፤ ስኮርታ ስኮርታ ነው። ዜና ለምትጽፉ ደግሞ «ተለዋጭ» እና «አማራጭ» ላይ ጠንቀቅ በሉ፤ መንገዱ የተዘጋ እንደሆነ ሕዝቡ ከናንተ ነው የሚሰማው።

ሰው ስም ላይ ግን መመሪያዬ አይሠራም። ምትኩ፣ ተካልኝ፣ ካሳ፣ ፈንታሁን... ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ያለ ስም ፊት አንድ የሞተ ሰው አለ። ጎረቤታችን እትዬ ምትኬ ከሳቸው በፊት ወንድማቸው በሕፃንነቱ ሞቶ ነው ስሙ የወጣላቸው። በቀደም የልጅ ልጃቸው አዲስ ስልክ ገዝታላቸው ቋንቋውን አማርኛ አደረገችላቸው። ስልኩ ባክአፕን፣ ማለትም የፋይሎቹን ቅጂ ማስቀመጫ፣ «ምትኬ» ነው የሚለው። መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን ቀስ ብለው አነበቡት፦ «ምትኬ ጠፍቷል»።

«ኧረ እዚሁ ነኝ» አሉ። «ደግሞ ወንድ አደረገኝ።»